የትርፌ ዶሮዎች መሬት ሲረግጡ

ሚስቴና የፈረንጅ ዶሮ ባይገናኙ ኖሮ፣ እኔ ዛሬም ራሴን አዋቂ አድርጌ ሰቆጣ ከተማ ላይ ደረቴን ነፍቼ እዞር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ትርፌ ከዓረብ አገር ስትመለስ፣ ዶሮ እናርባ አለች። እኔም የዶሮ እርባታ ሥልጠና ገባሁና ማስታወሻ ሞልቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ? ጓሮ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ የሽቦ ሳጥን አሠራሁ። ኬጅ ይሉታል። ሃምሳ ቄብ አስገብቼበት፣ "ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው" እያልኩ ጎረቤት አስጎበኘሁ። እንቁላሉ በሽቦው ተንከባሎ እጄ ድረስ ይመጣል። ኩሱ ወደ ታች ይወድቃል። ዶሮ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

ትርፌ ግን መኖ ስትሰጣቸው ቆም ብላ ታያቸው ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ጠርታ አሳየችኝ። አንገታቸው ከሽቦው ጋር እየተፋተገ ላባው አልቋል። የአንዷ ጥፍር ረዝሞ ሽቦው ላይ ተጠምጥሟል። ክንፍ መዘርጋትማ የማይታሰብ ነው።

"እነዚህ እኮ መሬት ረግጠው አያውቁም" አለችኝ።

"መሬት ምን ያደርግላቸዋል? መኖው ከነውሃው ይቀርብላቸዋል።"

"ለእኔም ምግቡ ይቀርብልኝ ነበር" አለች። "በሩ ግን የሚቆለፈው ከውጭ ነበር።"

ያን ሁሉ ዓመት በስልክ "ደህና ነኝ" ስትለኝ ነው የኖረችው። ይህን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም።  ወዲያው ሄዳ የሽቦውን በሮች ተራ በተራ ከፈተቻቸው።

ብታምኑም ባታምኑም፣ አንዲትም ዶሮ አልወጣች! ትርፌ አንድ በአንድ እያቀፈች መሬት ላይ አኖረቻቸው። ሁለት እርምጃ ይሄዱና ቁጭ። እግራቸው መሄድ አይችልም። እኔ በሆዴ "አላልኩም?" እላለሁ። እንቁላሉም ቀነሰ። የተጣለውም ቢሆን ከጆንያ ሥር፣ አንዴማ ከጫማዬ ውስጥ ተገኘ። አንዷን ጭልፊት ይዟት ሲሄድ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ "አላልኩም?" አልኩ። ትርፌ ጓሮውን በመረብ ሸፈነችው፤ ቆጥ ሠራችላቸው፤ ለእንቁላል መጣያቸውም ሳጥን ደርድራ ጭድ ነሰነሰችበት።

እንዲህ እያልን ሳለ አማቴ እማማ ደብሬ ከጋዝጊብላ ሊጠይቁን መጡ። በማግስቱ ጓሮ ስወጣ፣ ዶሮዎቹ በጎናቸው ተጋድመው፣ እግራቸውን እያራገቡ አፈሩን ያቦኑታል። ደነገጥኩ። "ፈንግል ገባ! አለቁ!" ብዬ ጮኽኩ።

እማማ ደብሬ ብቅ ብለው አዩና፣ "ምን ሆነሃል ልጄ፣ ገላቸውን እየታጠቡ ነው" አሉኝ።

"የአገሩ ዶሮማ በአቧራ እንደሚታጠብ አውቃለሁ። እነዚህ እኮ የፈረንጅ ናቸው፣ እማማ!"

"ታዲያ የፈረንጅ ገላ አያሳክክም?"

ከዚያ ለልጃቸው በኽምጣኛ አንድ ነገር አሏት፤ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ዶሮዎች በማሽን የተፈለፈሉ ናቸው። እናት አላዩም። ታዲያ አፈር ሲያገኙ ይታጠቡበት ዘንድ ማን አስተማራቸው? ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ሽቦ ላይ ሆነው ያምራቸው ነበር!

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይነገራል? ላባቸው ሞላ። እግራቸው ጠነከረ። ጭድ የለመዱት ዶሮዎች እንቁላሉን እዚያው መጣል ጀመሩ፤ ከጫማዬም ወጡልኝ። ትርፌ ጓሮ ስትገባ ክንፋቸውን ዘርግተው እየሮጡ ይቀበሏታል። እሷም ታንጎራጉርላቸዋለች። ከተመለሰች ወዲህ ስታንጎራጉር የሰማኋት ያኔ ነው። ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማኋት፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አቧራው ነው አልኩ።

ባለፈው ሰሞን አንድ የዶሮ እርባታ ባለሙያ ከሰቆጣ ዙሪያ ገበሬዎችን ይዞ ግቢያችን መጣ። ትርፌ መሀል ቆማ ስለ ቆጡ፣ ስለ ጭዱ፣ ስለ መረቡ አንድም ሳታስቀር አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማታል። በመጨረሻ አንድ አዛውንት፣ "የሽቦው ቤትስ እንዴት ነው?" ብለው ጠየቋት።

"እሱን ባለቤቴ ይንገራችሁ" አለች ወደ እኔ እያመለከተች። "በዚያ በኩል ሊሠራ የሚችለው ስህተት በሙሉ በእሱ ተሠርቷል፤ ከእሱ የተሻለ አዋቂ አታገኙም።"

ተነሣሁ። ከላባው ጀምሬ እስከ ጥፍሩ ስህተቴን አንድ በአንድ ዘረዘርኩ። አጨበጨቡልኝ፤ ያውም ቆመው! እስቲ ፍረዱ፦ ያኔ በትክክል ሠርቼው ቢሆን ኖሮ፣ ማን ዞር ብሎ ያየኝ ነበር?