እናቴ፣ መሪጌታና ስድስቱ እንክብሎች

የዛሬ ዘመን መድኃኒት ቤት አይገርምህም ወዳጄ? ወረቀትህን በመስኮት ታስገባለህ፣ ፌስታል በመስኮት ይወጣልሃል፣ አለቀ። ራስህን ይመምህ ሆድህን፣ ሻጩ ቀና ብሎም አያይህ።

እናቴ ዘሀራ ሐይቅ ከተማ መድኃኒት ቤት ነበራት። ሰዉ ሁሉ “ዶክተር” ነው የሚላት። “ኧረ ዶክተር አይደለሁም፣ መድኃኒት ሻጭ ነኝ” ስትል ትሕትና ይመስላቸውና ጭራሽ ይብሳሉ። አንዲት የራስ ምታት ክኒን ለመሸጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባታል። ምን በላህ? እንቅልፍስ? ሚስትህ ታረቀችህ ወይስ ገና እናቷ ቤት ናት? ሰውዬው ግማሽ ሕመሙን እዚያው ባንኮኒው ላይ አራግፎ ይሄዳል። አወሳሰዱንም በየሰዉ ልክ ነበር የምትነግረው። ሰጋጁን “ከሱብሂ በኋላ አንድ፣ ከመግሪብ በኋላ አንድ” ትለዋለች። ገበሬውን ደግሞ “ከብት ስታወጣ አንድ፣ ስታስገባ አንድ” ትለዋለች።

እኛ ልጆቿማ አበሳችንን አይተናል። የሌላ ሰው ልጅ ፈተና ሲደርስ “ሆዴን” ብሎ ይተኛል አይደል? እኛ ቤት “ሆዴን” ያለ የግራዋ ጭማቂ ይጠብቀዋል። “መድኃኒትማ ለውሸታም አይባክንም” ትላለች። እህቴ አንድ ማንኪያ ከቀመሰች በኋላ በሩጫ ሄዳ የሒሳብ ፈተናዋን ደፍናለች።

ይህች ሴት ዕድሜ ልኳን ከሁለት ነገሮች ጋር ስትጣላ ነው የኖረችው። አንደኛው መድኃኒት መዋዋስ ነው። “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” ይባል የለ? ያገሬ ሰው ይህን ተረት እንክብል ላይም ይሠራበታል። ሻል ሲለው የተረፈውን ለጎረቤቱ ጀባ ይላል። ሁለተኛው ጠቧ ከጾም ጋር ነው። ከጾሙ እንኳ አይደለም፣ ታሞ ከሚጾመው ጋር ነው። ረመዳን ሲገባ ከእስላሙ፣ ፍልሰታ ሲገባ ከክርስቲያኑ ጋር ትጨቃጨቃለች። የታመመ ሰው እንዲያፈጥር ቁርኣኑም ፈቅዷል፣ ቄሶቹም አይከለክሉም፣ እናንተ ከማን ትበልጣላችሁ ትላቸዋለች። ማን ይሰማታል?

አንድ ፍልሰታ ነው። ስልክ ገና ኪሳችን አልገባም። እኔ አስተማሪ ሆኜ፣ ክረምቱን ቤት ተቀምጫለሁ። ጎረቤታችን ዘምዘም ሳንባዋን ታማ ሐኪም አሞክሳሲሊን አዘዘላት፣ እናቴም ሰጠቻት። በሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት ግድም፣ እንዴት ዋልሽ ልንላት ስንገባ ዘምዘም ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች። እናቴ ደስ አላትና እስቲ የቀረውን እንክብል አሳዪኝ አለቻት።

ዘምዘም ምንም አላፈረችም። አልሐምዱሊላህ ተሽሎኝ የለ፣ ስድስቱን ለአጎቴ ሰጠኋቸው አለች። ሊጠይቋት መጥተው ሲስሉ አድረው አሳዝነዋት ነው። አጎቷ መሪጌታ ናቸው፣ የእናቴ የቆዩ ደንበኛ። የዘምዘም አጎት እንዴት መሪጌታ ይሆናል ካልክ ወሎን አታውቃትም ማለት ነው። ውጫሌ ነው የሚያገለግሉት፤ ለቅዳሴ ልድረስ ብለው በማለዳው መኪና ሄደዋል።

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። ከዓመታት በፊት መሪጌታ ፔኒሲሊን ተወግተው ፊታቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ በስንት መከራ ነው የተረፉት። አሞክሳሲሊን ደግሞ የዚያው የፔኒሲሊን ወንድም ነው። እሳቸው ግን ያልተስማማኝ መርፌው ነው ብለው ነው የሚያምኑት፤ እንክብል ምን ያደርገኛል ባይ ናቸው።

ለዘምዘም ሌላ እንክብል አምጥታ ዓይኗ እያየ አስዋጠቻት። ሱቋን ዘጋች። እኔን ጎትታ መናኸሪያ። ሚኒባሱ ካልሞላ አልነቃነቅም አለ። ውጫሌ ሰው ሊሞት ነው ብላ ስትለምን ተሳፋሪው ሁሉ ማን ነው፣ ምን ሆኖ ነው እያለ ከበባት፤ ወሬውን ሊሰማ ተከትሏት ሲገባ መኪናው በዚያው ሞላ።

እናቴ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ለአገር ትሸጣለች፣ ራሷን ግን መኪና ያጥወለውላታል። ደግሞ የክረምት መንገድ! ጭቃው ያዘንና ወርደን ገፋን። አንድ እግር ጫማዋ እዚያው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ተይው አለችኝ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጠጋ ብዬ ሰማኋት። “ያ አላህ፣ ዛሬን ብቻ ይጹሙልኝ” ትላለች። ሰው እንዲጾም ስትለምን ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ውጫሌ ስንወርድ ቆም ብላ አደመጠች። የለቅሶ ድምፅ አለ ወይ ብላ ነው። የለም። በአንድ ጫማ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሮጠች፣ እኔም ከኋላዋ። ከቅጥሩ በር ላይ ሻርፗን አስተካክላ ቆመች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ቅዳሴ ወጣና ሰው መፍሰስ ጀመረ። መሪጌታ እየሳሉ መጡ።

“መሪጌታ፣ ዋጡት?”

“ምኑን?”

“ዘምዘም የሰጠችዎትን።”

“ቅዳሴ ሳይወጣ? ምን ነካሽ ዘሀራ!” አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱት። ስድስቱም እንክብሎች ተቋጥረው አሉ።

እናቴ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ነገሩን እየተንሰቀሰቀች ስትነግራቸው መሪጌታ መጀመሪያ ደነገጡ። ቀጥሎ ገባቸውና ፊታቸው በራ። ስንት ዓመት ሙሉ ጾምዎን ይተዉና መድኃኒትዎን ይዋጡ ስትይኝ ኖርሽ አይደል፣ ይኸው ብሰማሽ ኖሮ ዛሬ ለቅሶዬ ላይ ነበርሽ አሏት። እናቴ ስድስቱንም እንክብል ከእጃቸው ለቅማ በሻርፗ ጫፍ ቋጠረች።

ኋላ ግን ነቃች። አፈር ስሆን መሪጌታ፣ ይህን ለሰው እንዳይነግሩ አለች። ጾም ከመድኃኒት አዳነኝ ካሉ ሐይቅም ውጫሌም ክኒን የሚውጥ በሽተኛ አይገኝም። ጨዋታ ለሚወዱት ለመሪጌታ ይህን ወሬ መዋጥ ከእንክብሉ ይከብዳል። ግን እሺ አሉ። እሷም ደፍራ ሌላ ጨመረች፤ የታመመ አይጹም ብለው ያስተምሩልኝ አለች። እኔን መቆጣት ከተውሽ አሏትና ተስማሙ። እውነትም ከዚያ በኋላ አውደ ምሕረት ላይ ሲያስተምሩ ያችን ነገር ሳይነኩ አይወርዱም።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ሐይቅ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። መሪጌታም አርጅተው፣ በከዘራ እየተደገፉ ለቅሶ ደረሱ። ሼኮቹ መሀል ተቀመጡ። እኔም እንባዬን ጠርጌ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና፣ መሪጌታ፣ እንግዲህ እሷም የለች፣ ያችን ታሪክ ቢያወሯት ማንም አይቀየምዎትም አልኳቸው።

ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ልጄ፣ ጾሙማ ያቆየኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያዳነችኝ እሷ ናት። አሁን ባወራው፣ የሰማኝ ሁሉ እንደኔ ቢያደርግ፣ በአንድ ጫማ ሮጦ የሚደርስለት ማን ነው?”

እሳቸው እስከ ዛሬ አላወሩም። እኔ ግን ይኸው ለአንተ ዘረገፍኩት። ምን ላድርግ፣ የእኔ አፍ እንደሳቸው ጾም አልለመደም።