ሳትታመም የዳነችው

ጫትን ከጌሾ ለይታ የማታውቅ ልጅ በአንድ ጠዋት ሱሰኛ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ያውም በዕቅድ፣ ያውም በማይክሮፎን።

መቼም ከላይ የሚወርድ ዕቅድ በራሱ ክፋት የለውም፤ ክፋቱ ተሞልቶ መመለስ ያለበት መሆኑ ነው። ወጣቱን ከሱስ እንጠብቅ ተባለ። ማን ይጠላል? እኛም ፍኖተ ሰላም የምናስተምር ሰዎች ፀረ ሱስ ክበብ አቋቋምን፣ ባነር አሠራን፣ ኃላፊዋም እኔ ሆንሁ። የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፎ የቆመው ጫት ቤት ግን ዕቅዱ ውስጥ ስላልነበረ ዝንቡን እሽ ያለው የለም። ዕቅዱ ውስጥ የነበረው «ከሱስ የዳነ ተማሪ ምስክርነት ይሰጣል» የሚል ነው።

ከየት ይምጣ? የሚቅሙት ልጆቻችን አልዳኑም፤ ደኅና የሆኑት ደግሞ ቅመው አያውቁም። ክበቡን ሊጎበኙ ከላይ እንግዶች የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ ዓይኔ ይታይሽ ላይ አረፈ። ይታይሽ በፈረስ ቤት በኩል ካለ ገጠር መጥታ፣ ከተማ ቤት ተከራይታ፣ ከእናቷ ጓዳ በምትሸከመው ስንቅ የምትማር ልጅ ናት። ድራማ ላይ ስታለቅስ ድንጋይ ታስለቅሳለች።

ከሱስ እንደዳነች ሆና እንድትመሰክር ስነግራት፣ «መምህርት፣ ሰዉ የእውነት ቢመስለውስ?» አለችኝ።

«ካልመሰለውማ ምኑን ተወንሽው?» አልኋት።

መሰለው። አዳራሹ በለቅሶ ተናጠ። የእውነቶቹ ቃሚዎች በሰዓቱ አጥር ማዶ ነበሩ። እንግዶቹ ምሳ ላይ የአረቄ መለኪያቸውን እያነሡ፣ አንዲት ነፍስ ማትረፍ ቀላል እንዳልሆነ ተነጋገሩ፤ ክበባችንም ተመሰገነ።

ወሬ ግን ምሳ አይጠብቅም። አከራይዋ ቃሚ አላስቀምጥም ብላ የይታይሽን ፍራሽ በረንዳ ላይ አወጣችው። ለገበያ የመጡት አባቷም ነገሩን ከሰው አፍ ሰምተው ልጃቸውን ከነፍራሿ ይዘው ተመለሱ።

ተከትዬ ሄድሁ። ደጃቸው ተቀምጬ፣ ልጅቷ ከጫት ጋር ትውውቅ እንደሌላት፣ ያን ሁሉ ያስባልኋት እኔ እንደሆንሁ ተናገርሁ። ሰውዬው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«መምህርት» አሉኝ፣ «ሱስስ ቢሆን በጠበል ይለቅ ነበር። ሕዝብ ፊት ቆሞ መዋሸትን እርስዎ ካስተማሯት፣ መልሼ ለማን ላስረክባት?»

ይታይሽ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። አልወጣችም። ወደ ትምህርትም አልተመለሰችም።

ያን ዕለት አዳራሽ ተቀምጣችሁ ያለቀሳችሁ፣ እስከ ዛሬም «ያቺ ቃሚዋ» የምትሏት፣ ልጅቷ አንዲት ቅጠል አልቀመሰችም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በሉኝ።