እንከን የለሹ አመልካች

ምስክርነት ስትጽፉ ሰው አታሞግሱ። ምቀኛ ነው ብላችሁ ልታልፉኝ ትችላላችሁ። ነኝም። ግን ስሙኝ።

እኔና ጌታሁን ሬድመንድ ከተማ አንድ ቢሮ ነው የምንሠራው። ሥራውን ያስለመድኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም «ጋሼ» ነው የሚለኝ። አንድ ቀን አለቃችን ጠራንና፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ አውሮፓ የኮችነት ሥልጠና ግቡ፣ የተመለሰው ቡድኑን ይመራል አለን። ኮች ማለት እንግዲህ ምክር የማይሰጥ አማካሪ ነው። አለቆችን እየጠየቀ መልሱን ራሳቸው እንዲያገኙት ያደርጋል። ጉድ እኮ ነው! ወንበሩን ግን አሥራ አራት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ ይሄ ካመለጠኝ ሌላ የለም።

ቅዳሜ ቱክዊላ ከተማ ቡና ቤት ተቀምጠን ትምህርት ቤት መረጥን። የፈረንሳዩ ፈተና አለው። የስዊዙ ድርሰት ያስጽፋል። የስፔኑ ግን የሚያውቅህ ሰው ስለ ጠባይህ የሚሞላው ፎርም ብቻ! «ይሄ ነው!» አልኩ። ምስክርነት መቼ ቸግሮን ያውቃል? ሶ፣ አንተ ለእኔ፣ እኔ ለአንተ ተባባልንና አፕላይ አደረግን።

ሬንተን ከተማ ያለው ቤቴ ገብቼ ፎርሙን ብከፍት፣ «የአመልካቹ ድክመት ምንድን ነው?» ይላል። አቤት፣ እጄ እንዴት ፈጠነ! ሰው ሲናገር እንደሚያቋርጥ፣ ስህተቱን ሲነግሩት እንደሚያኮርፍ፣ የእኔን ሐሳብ ስብሰባ ላይ የራሱ አድርጎ እንዳቀረበ፣ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ቦታው አልበቃ ቢለኝ ገጽ ጨመርኩ። በማግስቱ ላክሁልህ ስለው፣ እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። አፈርኩ? ትንሽ።

እሱስ? የሰው ነውር ወረቀት ላይ አይሰፍርም ተብሎ ያደገ ልጅ ነው። «ምንም እንከን የለበትም» ብሎ ጻፈልኝ።

መልስ መጣ። ጌታሁን ገባ። የምስክሩ ሐቀኝነት አስደንቆናል፣ እንዲህ ያለ ወዳጅ ያለው ሰው ለመማር ዝግጁ ነው ብለው፣ ጽሑፌን አያይዘው ላኩለት። ለእኔ አንድ መስመር፦ ከእኛ የሚማሩት ነገር አልታየንም።

ጌታሁን ቤቴ ድረስ መጥቶ አቅፎ ሳመኝ። እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ምን ልበለው? በቅናት ነው የጻፍኩት ልበለው? አርቀህ ጉድጓድ አትማስ ይላሉ። እኔ አርቄ ማስኩ፣ እሱ ገብቶ ውሃ አገኘ።

ሠልጥኖ ሲመለስ አለቃዬ ሆነ። ኮች የሚያደርገው የመጀመሪያ ሰው ደግሞ እኔ ሆንኩ። በሩን ዘጋና በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ድክመትህ ምን ይመስልሃል?» አለኝ።

«ያኔ ሲጠይቁህ ምነው አፍህ ተያዘ!» አልኩና ጮህኩበት። ስለ አሥራ አራቱ ዓመት፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለዚያ ፎርም፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣሁት።

አላቋረጠኝም። አላኮረፈም። ወረቀት ስቦ ድክመቴን አንድ ሳያስቀር ይጽፍ ጀመር።