«ዝም በል» ያልኩት ቀዛፊ

ዛሬ ጠዋት የደረሰብኝን ብነግራችሁ «ይሄ ሰውዬ ጋምቤላ ወርዶ ፀሐይ መታው» ትላላችሁ።

መታኝ። ፀሐይ ግን አይደለችም።

ጉማሬ ናት!

ቆይ፣ አትሳቁ፤ ገና አልጀመርኩም። ይህን የምጽፈው ያረፍኩበት ነጋዴ ሱቅ ጓሮ ተቀምጬ፣ የተውሶ ሽርጥ አገልድሜ ነው። ሱሪዬ ገመድ ላይ ነው።

እንደምታውቁት የዚህ አምድ ጸሐፊ ሰው ሁሉ «አዎ» ሲል «አይደለም» እያለ የሚኖር ሰው ነው። ባለፈው ወር በዚሁ ጋዜጣ «የጋምቤላ አውሬ ግማሹ ሜዳ ላይ፣ ግማሹ አዳኞች አፍ ውስጥ ነው የሚኖረው» ብዬ ጻፍኩ። አዘጋጁ ተናዶ፣ ወይም ሊገላገለኝ ፈልጎ፣ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠና «ሂድና እይ!» አለኝ።

ከመምጣቴ በፊት ግን አነበብኩ። እኔ ሳላነብ ገበያ እንኳ አልወጣም። እንግሊዞች ኬንያ ውስጥ ስለሚያደርጉት ሳፋሪ አራት መጻሕፍት ጨረስኩ። አራቱም አንድ ነገር ይላሉ፦ አውሬ ማየት የፈለገ ሰው ድምፅ አያሰማም።

ይህችን በቃሌ ያዝኳት። መዓቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ያረፍኩት ሐጂ ኑሩ ዘንድ ነው። ከወሎ መጥተው እዚህ ጨውና ጨርቅ ሲነግዱ የሸበቱ ሰው ናቸው። ቀዛፊ የፈለጉልኝም እሳቸው ናቸው። ስንለያይ፣ «ኦሞድ የሚልህን ስማ» አሉኝ። «መጽሐፍህ መዋኘት አይችልም።»

እኔም እንደማልችል አልነገርኳቸውም።

ኦሞድ የአኙዋ ሰው ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ በቁመት ግን የእኔን አንድ ተኩል የሚያህል። አማርኛን የለመደው ወደቡ ላይ ጭነት ሲያወርድ ነው፤ ቆጥቦ ይናገረዋል። ታንኳው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ናት። ከሟች ወንድሙ ጋር በጋውን ሙሉ በመጥረቢያ ሠሯት። ሰው የሚያሻግረው በሷ፣ ዓሣ የሚያወጣው በሷ፣ አምስት ልጆች የሚያሳድገው በሷ። ይህን ሁሉ ገና ስንነሳ ነግሮኛል። «አልሰማሁም» ብዬ ማምለጫ የለኝም።

ባሮን ወደ ላይ ቀዝፈን፣ ማዶ ሜዳው ላይ የሚግጡትን ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች ልናይ ነበር።

ወንዙ ሰፍቶ ወደሚጠቁርበት ቦታ ስንደርስ ኦሞድ መቅዘፉን አቆመ። መቅዘፊያውን ገለበጠና በእጀታው የታንኳዋን ጎን መታ።

ኳ! ኳ! ኳ!

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አንኳኳለሁ።»

«ለማን?»

«ለጉማሬ።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። እናንተ ግን ታውቁኛላችሁ። ስለ ድምፅ፣ ስለ አውሬ ጆሮ፣ ስለ ኬንያ፣ ስለ ሳይንስ አስረዳሁት። አንድ ቦታ ላይ «በመሆኑም» አልኩ። ታንኳ ላይ! ኦሞድ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሁለት ጊዜም ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ። በመጨረሻ «እሺ፣ ጌታዬ» ብሎ መቅዘፊያውን ቀስ አድርጎ ውሃው ውስጥ ከተተ።

ዝምታው ደግሞ እንዴት ያምር ነበር! ውሃው ዘይት መስሏል። ራሱ ነጭ የሆነ ንስር ከቅርንጫፉ ላይ ቁልቁል ይመለከተናል። አንድም ጉማሬ የለም። ዘወር አልኩና በሹክሹክታ፣ «አየህ?» አልኩት።

ታንኳዋ ተነሳች።

ተናወጠች አላልኩም፤ ተነሳች! ወንዙ ጀርባ አብቅሎ ከሥራችን ብድግ ያለ መሰለኝ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ መጨረሻ የሌለው ጀርባ። ምን ተሰማህ በሉኝ። ለፍርሃት ጊዜ አልነበረኝም። «ይህን የሚያህል ነገር በሕይወት አለ እንዴ?» ብቻ አልኩ።

ከዚያ ባሮን ጠጣሁ።

ኦሞድ የኮቴን አንገትጌ ይዞ እየጎተተ ዳር አሸዋው ላይ ጣለኝ። እዚያ አክስቱ፣ እማማ አቻላ፣ ትንሿን ታንኳቸውን አቁመው በቅርጫት ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ቁልቁል አዩኝና በአኙዋኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«ተወው፣ ጌታዬ።»

«ንገረኝ!»

«'አምባዛ ነው፣ ጢም አለው' አለች።»

ኦሞድ ግን አልሳቀም። ዓይኑ ውሃው ላይ ነው። ታንኳው ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ በጥልቁ መሃል ትንሳፈፋለች። ከዚያ በታች ወንዙ ይፈጥናል። ያን ካለፈች ሱዳን ነው የምትቆመው። ተከትሎ የሚይዛት ሰው የለም።

የአክስቱን ታንኳ ገፍቶ ገባ። ትንሽ ቀዘፈ፤ ቆመ፤ አንኳኳ።

ወንዙም መለሰለት።

አንድ ራስ ብቅ አለ፤ ጆሮውን አራገፈ፣ ተነፈሰ፣ ውሃ ወደ ላይ ረጨ። ከወደ ግራ ሌላ ወጣ። ከዛፉ ሥር ሦስት በአንዴ። እኔ ባዶ ነው ብዬ የማልኩበት ውሃ በዓይንና በጆሮ ተሞላ! ኦሞድ በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥራል። ዐሥር። ሁሉም ዳር ዳር ናቸው። መንገዱ ክፍት ነው። ታንኳው እየራቀች ነው።

እሱ አይነቃነቅም።

«ሂድ እንጂ!» ብዬ ልጮህ ስል እማማ አቻላ መዳፋቸውን አፌ ላይ ከደኑት። ዓሣ ዓሣ የሚል መዳፍ። በዕድሜዬ እንዲህ ያደረገኝ ሰው የለም። ባለቤቴ ይህን ስታነብ አድራሻቸውን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ።

ጠበቀ። ጠበቅን።

ዐሥራ አንደኛዋ ወጣች። በእሱና በታንኳው መካከል፣ ልክ ሊያልፍበት በነበረው ቦታ! ጀርባዋ ላይ ጆሮው ሮዝ የሆነ ልጅ ተለጥፏል።

ለካ እኛን የገለበጠችን እሷ ናት። ልጅ ይዛ ታች ነበረች፤ እኛ ደግሞ እንደ ሌባ ኮቴያችንን አጥፍተን መጣንባት። ኦሞድ የሚያንኳኳው «መጣሁ፤ የት ናችሁ?» እያለ ነው። እነሱም ወጥተው «እዚህ ነን» ይሉታል፤ ስንት እንደሆኑ ስለሚያውቅ ሁሉም ሳይወጡ አያልፍም። ያን የመሰለ ጨዋነት ነው «ጫጫታ» ብዬ ያስቆምኩት!

እናትየዋ ኦሞድን አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ሳትቸኩል ልጇን ተሸክማ ወደ ዛፉ ጥላ ሄደች፤ ሌሎቹም ቦታ ለቀቁላት።

እኔ ትልልቅ ሰዎች ሲያልፉ ጉልበቴን እያሻሸሁ ዘግይቼ የምነሳ ሰው ነኝ። ለጉማሬዋ ግን መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

ኦሞድ ታንኳውን ጎትቶ መጣ። ጎኗ ክንድ በሚያህል ስንጥቅ ተከፍቷል። ስንጥቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ይጠገናል» አለ። «አምስት፣ ስድስት ቀን።»

እስከዚያ ማን ያሻግራል፣ ልጆቹስ ምን ይበላሉ ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። እማማ አቻላ ግን ሳይጠየቁ፣ «በእኔዋ ሥራ» እንደማለት፣ የራሳቸውን ታንኳ መቅዘፊያ እጁ ላይ አስቀመጡለት።

«ኦሞድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት።

አሰበበት። «አንተ ወንዙን አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከጉማሬዋ የባሰ የመታኝ ይህ ነው።

«ካወቅህ ታዲያ ለምን ሰማኸኝ?»

«አማርኛህ ረጅም ነው» አለኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «እኔ መልስ ሳገኝ አንተ ሌላ ቦታ ደርሰሃል።»

ወዳጆቼ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ «ማን ተከራክሮ ረታኝ? ማንም!» እያልኩ ስኩራራ ሰምታችሁኛል። ስንቱ ሰው ይሆን እውነቱን በእጁ ይዞ፣ የኔ ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ቆሞ ሲጠብቅ የኖረው?

ከእናንተ መካከል ካለ ይጻፍልኝ። እንደፈለገ ያስረዝመው። እኔ አፌን ይዤ አነባለሁ።

እስከ ሁለተኛው ገጽ ድረስ እንኳ ዝም ማለት እንደምችል እርግጠኛ አይደለሁም።