የታዘለው ጋሪ

ትናንት ዳዊቴን ሳልጨርስ ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ጣለኝና እንዲህ ያለ ሕልም አየሁ። ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ምን ሳስብ እንደተኛሁ ልናገር፤ ያለበለዚያ ያበድኩ ይመስላል።

ልጄ ሰናይት የዘጠኝ ወር ሕፃኗን ኖላዊትን ይዛ ዛሬ ማታ ወደ ባሏ ወደ በኃይሉ ትበራለች። በኃይሉ ልጁን እስካሁን ያያት በስልክ ብቻ ነው። መንገድ ላይ አውሮፕላን ይቀየራል፤ በዚያ በሰው አገር ጣቢያ ውስጥ ደግሞ ብዙ የእግር መንገድ አለ ይላሉ። ሰናይት በቀዶ ጥገና ከወለደች ወዲህ ወገቧ ልጅ ማዘል ቀርቶ የውኃ ባልዲ አያነሣም። ስለዚህ ታጥፎ አብሯት የሚገባ፣ ከመቀመጫ በላይ ባለው ሣጥን ውስጥ የሚያድር ትንሽ የሕፃን ጋሪ አስፈለጋት። ትልቅ ጋሪ ከሆነ ከጭነት ጋር ይሄድና እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ያለ ጋሪ ትቀራለች።

ምርጫው ለእኔ ተሰጠ። ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስዘረጋና ስዘጋ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ የሚታጠፍ ነገር ሁሉ የአባቴ ነው ብላ ሰናይት ታምናለች። ባለቤቴ አስካለ ግን፣ «ጃንጥላ ላይ እኮ ልጅ አይቀመጥም» ብላ ነበር። ሦስት ቀን መርካቶ ዞርኩ። በመጨረሻ ከድር የሚባል ነጋዴ ሱቅ ገብቼ አሥራ አንድ ጋሪ እየዘረጋሁ ሳጥፍ ዋልኩ።

«አባባ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ሊያሠለጥኗቸው?» አለኝ።

ቀላሉን መረጥኩ። ጎማዎቹ ብርቱካን ያህላሉ። በአንድ እጅ ይታጠፋል አለኝ፤ በእሱ እጅ ታጠፈ። ቤት ሳመጣው ግን በሁለቱም እጆቼ እምቢ አለኝ። የትኬቱንም ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ባልገባም ጽሕፈቴ ያምራል ስለሚሉኝ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው የተኛሁት።

በሕልሜ ከድር ሱቅ ገባሁ። ከድር መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ደረቱ ላይ «ቅናሽ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጋሪዎቹ ወንበር ላይ ተደርድረው ለስላሳ ይጠጣሉ። ገዢዎቹ እነሱ ነበሩ።

«ይኼኛው አያት ይታጠፋል?» አለ አንድ ሰማያዊ ጋሪ፣ እኔን እያየ።

«ይታጠፋል ጌታዬ። የጥንት ሥራ ነው፤ ግን ይታጠፋል» አለ ከድር ከላይ ሆኖ።

«በአንድ እጅ?»

«ይሞክሩት።»

ጋሪው በአንድ ጎማው ትከሻዬን ጫን አደረገው። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሱቁ በሙሉ ሰማ። ወገቤ ላይ ሲደርስ ተያዝኩ።

«እዚህ ጋ ደርቋል» አለች አንዲት አሮጌ ጋሪ ጎንበስ ብላ። «የእኔም እንዲሁ ነበር፤ ዘይት ሲቀቡኝ ለቀቀኝ።»

«ከመቀመጫ በላይ ይገባል?»

«እግሩ ይተርፋል።»

«እግሩ ከተረፈ ምን ያደርግልኛል? ከጭነት ጋር ይሂድ።»

«ልጅ አለችኝ» አልኩ እንደታጠፍኩ። «የልጅ ልጅ። እኔ እንኳ የመጣሁት ለእሷ ጋሪ ልመርጥ ነበር።»

ጋሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለች አሮጊቷ።

«ዘጠኝ ወር።»

«ወረቀት ላይስ?»

ዘጠኝ ወር ወረቀትም ላይ ዘጠኝ ወር ነው ልል አስቤ ምላሴ ተሳሰረ። ጋሪዎቹ ቀስ ብለው ለስላሳቸውን አስቀመጡና አዘኑልኝ። ያ ሐዘናቸው ከሣቅ ይልቅ ከበደኝ።

ወጣሁ። ውጭ ዝናብ ነበር፤ ግን ዝናቡ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሰማይ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ከእግሩ በታች ዘርግቶ በላዩ ይራመዳል። ደንበኛዬ ወይዘሮ የተመኙ እጄን ያዙኝ።

«ባለፈው የጠገኑልኝ ጃንጥላ አላፈስ አለኝ» አሉኝ። «ምነው፣ በሰው ገንዘብ?»

«ይቅር ይበሉኝ እመቤቴ።»

«ሁለት ብቻ ቢበሱልኝ ይበቃኛል።»

መርፌዬን አውጥቼ በሳሁላቸው። ሠላሳ ዓመት የጠገነ እጅ መብሳት ሲማር ያፍራል፤ ቢሆንም ተሠራ። ሌሎችም ከኋላቸው ቆመው ነበር፤ የሁሉንም በሳሁ። እየበሳሁ፣ አውሮፕላኑ ይሄዳል፣ ሰናይት ትጠብቀኛለች እላለሁ፤ ሰዎቹ ግን፣ «አይቸኩሉ አባባ፣ ሰዓቱ እርስዎን ይጠብቃል» ይሉኛል። ቀና ብዬ ሳይ እውነትም የአውሮፕላን ጣቢያው ትልቁ ሰዓት መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ተነሥቶ አብሮኝ ሄደ።

አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ አውሮፕላኖች ተሰልፈዋል። ሰው የለም። እያንዳንዱ አውሮፕላን ጎማውን አውልቆ ሰፌድ ላይ እያስቀመጠ በመፈተሻው በኩል በሆዱ እየተሳበ ያልፋል። ከኋላቸው ቆምኩ። ከፊቴ ያለው ክንፉን ወደ ላይ ይዞ ያቃስታል።

«አሞዎት ነው?» አልኩት።

«ዘንጉ ወጥቶ ነው፣ ጋሽዬ። ከነፋስ ጋር ተጣልቼ።»

ዳበስ ዳበስ ሳደርገው የጃንጥላ ዘንግ ነው። ከኪሴ ሽቦ አውጥቼ አሰርኩለት። ዘረጋው፣ አጠፈው፣ ዘረጋው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። «እርስዎስ ዛሬ ማንን ይጭናሉ?»

«እኔ? እኔ ልጄን ልሸኝ ነው።»

«ዛሬ እኮ ተሳፋሪዎቹ እኛ ነን። ለእኔ የተመደበልኝ አንድ ጃንጥላ ጠጋኝ ነው።»

«ወገቤ አይችልም» አልኩት።

አውሮፕላኑ ራሱን ነቀነቀ። «ሁሉም እንዲያ ይላል» ብሎ ጎማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። እኔም በተራዬ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ድካሜ ግን አልወልቅ አለኝ። ፈታሹ፣ «እሱንም ሰፌዱ ላይ» ብሎ ቆጣ አለ። ብሞክረው፣ ብሞክረው፣ ከትከሻዬ አልነቃነቅ አለ። «እሺ፣ ይዘውት ይለፉ» አለኝ በመጨረሻ።

ከመፈተሻው ማዶ አንድ ረጅም ባንኮኒ አለ። ከባንኮኒው ኋላ፣ በከፍተኛ ወንበር ላይ፣ የእኔይቱ ኖላዊት ተቀምጣለች። ያንኑ ዳር ዳሩን የነከሰችውን የአንገት ጨርቋን አድርጋ፣ የእኔን መነጽር ሰክታ፣ በትልቅ ማኅተም ወረቀት ትደበድባለች። ባየኋት ጊዜ ደስ አለኝ።

«ኖሊ፣ የእኔ እናት» አልኳት።

«ወረፋህን ጠብቅ» አለችኝ።

ወረፋው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጠበቅኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ «የሚቀጥለው» አለችና ወረቀቴን ተቀበለች። ከላይ እስከ ታች አነበበች። ስታነብ ድዷ ላይ ያሉት ሁለት ጥርሶች ብቅ ይላሉ።

«ጽሕፈቱ ያምራል» አለች። «ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«በየትኛው እጅህ?»

«በቀኝ።»

«በየትኛው ዓመት?»

«ዘንድሮ።»

«የማን ዘንድሮ?»

ሚካኤልን በልቤ ጠራሁት። እሷ ማኅተሙን አነሣችና ወረቀቱን ሳይሆን ግንባሬን መታችኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ወተት ወተት ይሸታል።

«አሁን ዘጠኝ ወር ሆነሃል» አለች። «ጋሪው ላይ ተቀመጥ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ትልቅ ልጅ ነኝ። በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ገና መቆም እንኳ አልጀመርሽም እኮ የእኔ ልጅ።»

«በወረቀቱ እሄዳለሁ» አለችና ከወንበሯ ወርዳ፣ ቀጥ ብላ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር እየተንጎራደደች ሄደች። ደርሼ ላቅፋት ብሮጥ ወለሉ ወደ ኋላ ይወስደኛል። እኔ እሮጣለሁ፣ ወለሉ ይመልሰኛል። እሷ ዞር ብላም አላየችኝ።

ያን ጊዜ ሰናይትን አየኋት። ከአዳራሹ ጥግ ጎንበስ ብላ፣ ላብ በጆሮዋ ሥር እየወረደ፣ አንድ ነገር አዝላ ትመጣለች። ነጠላውን በደረቷ ቋጥራዋለች። ተጠግቼ ሳይ፣ ያዘለችው ያን ሦስት ቀን የመረጥኩትን ጋሪ ነው። ብርቱካን የሚያህሉት ጎማዎቹ በግራና በቀኝ በጎኗ ወጥተው ይወዛወዛሉ።

«ሰናይት! ወገብሽ!» አልኳት።

«ምን ላድርግ አባዬ» አለችኝ፣ ዕሹሩሩ እያለች። «ጋሪው አልቅሶ ነው። ከጭነት ጋር አልሄድም አለ።»

«ልጅቷን ትተሽ ጋሪ ታዝያለሽ?»

«ልጅቷማ ትልቅ ናት አሉኝ። ለትልቅ ልጅ ጋሪ የለም፤ ጋሪው ደግሞ ልጅ የለውም። አንዱን ማዘል ነበረብኝ።»

«አውርጂው። ለእኔ ስጪኝ።»

«አንተማ ዘጠኝ ወርህ ነው» አለችኝና በነጠላዋ ጫፍ አፌን ጠረገችልኝ። አጠራረጓ አስለቀሰኝ። ከዚያ ወገቧን አንዴ ያዝ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጫፉ አይታይም፤ ወዲያ ማዶ በኃይሉ ስልክ በሚያህል መስኮት ውስጥ ሆኖ እጁን ያውለበልባል። «ድምፃችሁ ይቆራረጣል» ይላል። «ልጄን ወደ ካሜራው አምጧት።» ኖላዊት በአጠገቡ አልፋ ሄደች፤ አላወቃትም። እሱ የሚጠብቀው የምትታቀፍ ልጅ ነበር።

«እሷ ናት!» ብዬ ልጮህ አፌን ብከፍት የሕፃን ለቅሶ ወጣኝ። አውሮፕላኖቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ያ ክንፉን ያሰርኩለት ቀረብ ብሎ፣ «ይኼ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?» አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ «ስንት ዓመቱ ነው? ስንት ዓመቷ ነው?» ይሉ ጀመር፤ ትከሻዬንም ይዘው ይነቀንቁኛል።

«አባዬ። አባዬ፣ ተነሣ። ኖላዊት ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስምንት» አልኩ ዓይኔን ሳልገልጥ።

ነግቷል። የሰኔ ሚካኤል ደወል ይሰማል፤ ዳዊቱ ጭኔ ላይ እንደተከፈተ ነው። ሰናይት ስልኳን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ስምንቱን በእንቅልፌ የሰማሁት ለካ ከዚያ ነው። ኖላዊት አዲሱ ጋሪ ላይ ተቀምጣ ቀበቶውን ትመጠምጣለች።

«ይኸው፣ አባቴም ስምንት ነው አለ» አለች ሰናይት ለስልኩ። እንባና ሣቅ ተቀላቅለውባታል።

«እንደምን አደሩ አባባ» አለች ከስልኩ ውስጥ የትኬት ቢሮዋ ልጅ። «የልደት ቀኗን 12/1/2017 ብለው ነው የሞሉት።»

«አዎን። መስከረም ሚካኤል ነው የተወለደችው።»

«በእኛው ነዋ። ቅጹ እኮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የሚሞላው። በዚያ ከሄድን ልጅቷ ስምንት ዓመት አልፏታል። በፓስፖርቷ ደግሞ ዘጠኝ ወሯ ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ ጋሪ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ከጭነት ጋር ነው።»

«የእኔ ልጅ፣ ገና አትቆምም እኮ።»

«አውቃለሁ አባባ። ግን በወረቀቱ ትሄዳለች።»

አስካለ ከጓዳ ብቅ አለች። እኔን አየች፣ ጋሪውን አየች፣ ተመልሳ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«መታረም ይችላል» አለች የትኬት ቢሮዋ ልጅ። «ቅጹን የሞላው ሰው ራሱ ይምጣ፤ ሕፃኗም በዓይን መታየት አለባት። ከስድስት ሰዓት በፊት ይድረሱ። ሰልፍ አለ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰናይት ጋሪውን እስከ ደጃፍ ገፋችው። ሌሊት የጣለው ዝናብ የሰፈሩን መንገድ ጭቃ አድርጎታል፤ ብርቱካን የሚያህሉት ጎማዎች ከበሩ ሳይርቁ ተዋጡ። ሰናይት አንዴ ወደ ጭቃው፣ አንዴ ወደ ልጇ አየችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሣች።

«ተይ፣ ወገብሽን» አልኳት፤ ጎንበስ ብዬም ጀርባዬን ሰጠሁ። ኖላዊትን አሳዘለችኝ፣ ነጠላውንም ደረቴ ላይ ቋጠረችልኝ። ከዚያ ጋሪውን ከጭቃው አውጥቼ በአንድ እጄ ጫን አደረግኩት።

ወዲያው ታጠፈ።