በግራዝማች አዛናው መኪና ጣራ ላይ የተሰየመው ጉባኤ

በሺ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ጎድሎ ጭቃው ሲደርቅ፣ በወረታ ከተማ አንድ ታላቅ ጉባኤ ተሰየመ። የጉባኤው ዓላማ የወይዘሮ ጸሐይነሽን ጉልበት ማዳን ነበር። የተነጋገረበት ጉዳይ ግን የመኪና ጣራ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ጉባኤ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

እኔ የጉባኤው ጸሐፊ ነበርሁ። የተመረጥሁት የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር እንደ ሆነና አሳቤ እንደማይፈለግ ገና በመጀመሪያው ቀን ተነግሮኛል። ስለዚህ የምናገረው ሁሉ የታመነ ነው።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ የአጥቢያችን ዳኛ የግራዝማች አዛናው ባለቤት ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁርጥማት ጉልበታቸውን ይዞ አላስቀምጥ አላስነሣ ብሏቸው ነበር። ያለፈውን ሰሞነ ሕማማት ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው እያለቀሱ ነው የዋሉ። ለመጪው ሕማማት ቆሜ ልስገድ እንጂ ሌላ አልለምንም ይሉ ነበር። የወንዛዬ ፍል ውሃ ለቁርጥማት ፍቱን መሆኑን አገር ያውቃል። መንገዱ ለሰጋር በቅሎ የአንድ ቀን ነው። ሰጋር በቅሎም ነበረቻቸው።

ግራዝማች ግን አርቀው የሚያስቡ ሰው ናቸው። ለጉዳይ ጎንደር ሄደው ሳለ አንድ ጣሊያን ሦስት አሮጌ የስፖርት መኪና ለሽያጭ አቁሞ አዩና፣ ሲመለሱ በገበያ መካከል ቆመው፣ «ባለቤቴን በበቅሎ አላንገላታትም፤ የበቅሎ ዘመን አብቅቷል» ብለው ዐወጁ። ለንግግራቸው ማጽኛም የራሳቸውን በቅሎና የባለቤታቸውን በቅሎ በዚያው ቀን ሸጡ። መኪናው ገና አልተመረጠም ነበር።

ሦስቱም መኪኖች ቀይ ናቸው፤ ሞተራቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት በአናታቸው ነው። አንደኛው ጥቁር ሸራ ጣራ አለው፤ ሲፈለግ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ሁለተኛው በብሎን የሚታሰር የቆርቆሮ ክዳን አለው፤ ሲፈለግ ተፈትቶ ቤት ይቀመጣል። ሦስተኛው ምንም የለውም። እንግዲህ ይህን የመሰለ ከባድ ነገር አንድ ሰው ብቻውን ሊወስነው ስለማይገባ ባላምባራስ መንግሥቴና መሪጌታ ገብረማርያም ተጠሩ። ባላምባራስ አንድ ጊዜ በካሚዮን፣ በጨው ጭነት ላይ ተቀምጠው ጎንደር ገብተው ስለ ነበር የሞተር ዐዋቂ ናቸው። መሪጌታ ደግሞ የማያውቁት ነገር የለም።

በሸራው ላይ የተደረገው ውይይት ኅዳርን ፈጀ።

«ይታጠፋል ብለዋል፤ ባይታጠፍስ?» አሉ ባላምባራስ።

«ባይታጠፍ ጥላ ይሆናል» አሉ ግራዝማች።

«ጥላ አይዶለም፤ ድንኳን ነው። ጥቁር ድንኳን አናትዎ ላይ ተክለው በገበያ ሲያልፉ፣ ባልቴቱ ሁሉ ማን ሞተ ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሊከተል ነው። ሰው በቁሙ ይለቀስለታል?»

ግራዝማች ደነገጡ። ሸራው በሙሉ ድምፅ ወደቀ።

በዚያ ሰሞን ወይዘሮ ጸሐይነሽ በምርኩዝ እየተሳቡ እስከ እልፍኙ በር መጡና፣ «ነገሩ ከምን ደረሰ?» ብለው ጠየቁ።

«ባንቺው ጉልበት ጉዳይ አይዶለም እንዴ የተቀመጥን?» አሉ ግራዝማች። «ታገሺ።»

«በቅሎዬ ብትኖር እስካሁን ሄጄ በመጣሁ።»

«እሱ ያለፈ ነገር ነው» ተባሉ። እኔም ያለፈ ነገር ብዬ መዘገብሁት።

ታኅሣሥ የቆርቆሮው ወር ሆነ። ግራዝማች ቆርቆሮውን ወደውት ነበር፤ ሲመቱት ይጮሃል፣ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ባላምባራስም ተስማሙ። መሪጌታ ግን፣ «አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የደብራችን ክዳን ምንድን ነው?» አሉ።

«ሣር ነው።»

«እንግዲያ ታቦቱ ከሣር ክዳን በታች አድሮ፣ ግራዝማች በቆርቆሮ ስር ሊንሸራሸሩ ነው? ማን ነው የሚቀድም?»

ይህን ያህል ጥልቅ ጥያቄ በወረታ ተነሥቶ አያውቅም። መልሱ ለደብሩ ቆርቆሮ ማልበስ ነው ብዬ እኔ ባስብም፣ አሳቤ እንደማይፈለግ ቀደም ብዬ ገልጫለሁ። ጉባኤው ቆርቆሮውን ትቶ ደብሩን ከነሣሩ አከበረ።

ስለዚህ ጥር ላይ ጣራ የሌለው በቆመበት አሸነፈ። ሰበቡም እየበዛለት ሄደ። ባላምባራስ፣ «ሰው ማን እንደሚያልፍ አይቶ ካልተነሣና እጅ ካልነሣ መሄዱስ ምን ያደርጋል?» አሉ።

«ዝናቡሳ?» አሉ መሪጌታ።

«በክረምት ፎገራ ባሕር ነው፤ መኪናው አይወጣም። ካልወጣ አይዘንብበትም።»

«ፀሐዩሳ?»

«አበረ ጥላ ይዞ ከጎን ይሮጣል። ለበቅሎዋም ሲሮጥ ኖሯል።»

አበረ የግራዝማች ጥላ ያዥ ነው። አልተጠየቀም። ውሳኔው ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ በግ ታረደ።

የካቲት በገባ በሳምንቱ ሹፌሩ በላቸው መኪናውን ከጎንደር ይዞ ወረታ ገባ። የገበያ ቀን ነበርና ሕዝቡ ከበበው። ባላምባራስ ስለ ሥልጣኔ ንግግር አደረጉ፤ መሪጌታ ባረኩ። ወይዘሮ ጸሐይነሽም ለመንገዱ ታጥበው፣ ስንቃቸውን አስይዘው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ብቅ አሉ።

«በሉ ግቡ፤ መሸ» አለ በላቸው።

ግራዝማች ወደ ውስጥ አጎንብሰው አዩ። «እኔ የት ነው የምቀመጥ?»

«እዚህ፣ ከጎኔ።»

«ወይዘሮስ?»

በላቸው ራሱን አከከ። «ጌታዬ፣ ይህ እኮ የሁለት ሰው መኪና ነው። አንዱ እኔ ነኝ።»

ሦስት ወር ስለ አናቱ ሲመከር ስለ መቀመጫው የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። በአገራችን ደንብ ስለ ትልቅ ሰው የሚጠየቀው በላዩ ስለሚያዝለት ነገር ነው፤ ከበታቹ ያለውን አሽከር ያስተካክለዋል። የሆነው ሆኖ ጉባኤው ሳይደናገጥ እዚያው በቆመበት ተሰበሰበ።

«ሹፌሩ ይቅር» አሉ ባላምባራስ።

«ማን ይነዳዋል?»

«እሱም አለ።»

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ቀድሜ ልሂድና ውሃውን ልየው። ሕዝቡ የሚጠብቀው እኔን ነው፤ ባዶውን ቢያልፍ አገር ይታወካል።»

«ደግሞም» አሉ መሪጌታ፣ «በቁርባን የተጋቡ ናቸው። ግራዝማች ቢታጠቡ ለወይዘሮም ይደርሳቸዋል።»

ይህ አሳብ እጅግ ተወደደ። በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ታዘዝሁና መዝገቡን በባላምባራስ ጀርባ ላይ ዘርግቼ መጻፍ ጀመርሁ። «ይደርሳቸዋል» ወይስ «ይደርሳቸው ዘንድ ይታመናል» ይባል በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። ያን ጊዜ የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ተቀምጠዋል።

«በላቸው፣ ንዳው» አሉ።

«እመቤቴ፣ ግራዝማችሳ?»

«እሳቸው ይመክራሉ።»

አበረ ጥላውን ዘርግቶ ሊሮጥ ሲሰናዳ፣ «ተው አንተ ልጅ፤ ነፍስህን ልታወጣ ነው?» ብለው ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ አሰሩ። መኪናው ጉባኤውን አቧራ አልብሶ ሄደ።

ባላምባራስ የተናገሩት ሁሉ ደረሰ። ጣራ ስለሌለው ማን እንደሚያልፍ ሕዝቡ በደንብ አየ። ገበያተኛው ከተቀመጠበት ተነሣ፤ አራሹ እርፉን ትቶ እጅ ነሣ። የግራዝማችን መኪና የግራዝማች ባለቤት ብቻዋን ከያዘችው፣ ዳኝነቱ ወደ እሷ ዞሯል ማለት ነው ብሎ አገሩ ደመደመ። በማግሥቱ ባለጉዳይ ሁሉ ወደ ወንዛዬ ጎረፈ።

ወሬው እኛ ዘንድ በአራተኛው ቀን ደረሰ። ግራዝማች ሊሄዱ ተነሡ፤ ግን በምን? በቅሎ የሚያውሳቸው አልጠፋም። ዘመኗ አብቅቷል ብለው ያወጁባትን በቅሎ ግን በገበያ መካከል ሊቀመጡባት አይችሉም። በእግራቸው ሄዱ። እኔም መዝገቤን ተሸክሜ ተከተልሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ሜዳ ስንጓዝ የተነሣልን ሰው የለም፤ ግራዝማችም ጉልበታቸውን እየያዙ ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። አዘንሁላቸው፤ ውሸት አልናገርም።

ወንዛዬ ስንደርስ ከውሃው ዳር እስከ ጉማራ ወንዝ የተሰለፈ ሰው አገኘን። ግራዝማች ሊያልፉ ሲሉ አንድ ገበሬ በትሕትና ዱላውን አጋደመ።

«አባት፣ ተራ ይያዙ።»

«ግራዝማች አዛናው ናቸው እኮ» አልሁት።

ገበሬው አቧራ ከለበሰው ራሳቸው እስከ እግራቸው ተመለከታቸው። «ግራዝማች በእግር አይሄዱም» አለኝ። «እሱን አገር ያውቀዋል።»

ተራ ያዝን። ከቀትር በኋላ ደረሰን። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ፍል ውሃው ውስጥ ነክረዋል። የሁለት ወንድማማቾችን የድንበር ክርክር በአምስት ቃል ጨርሰው፣ ያለ ምርኩዝ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ቀና ሳይሉ፣ «አቤቱታዎ ምንድን ነው?» አሉ።

ግራዝማች ብዙ የተዘጋጁበት ንግግር ነበራቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ ወደ ውሃው አዩ።

«ጉልበቴ» አሉ።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ያን ጊዜ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አላየሁም።

«ከባድ ጉዳይ ነው» አሉ። «ጸሐፊ፣ ጉባኤ ይሰየምበት ብለህ መዝግብ።»

እኔም መዘገብሁ።