ምንም የማይጎድላቸው አቶ ቨርጂል

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፦ ጎደለኝ የሚልና፣ ጣሪያው በራሱ ላይ እያፈሰሰ ባልዲውን በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ «እኛ ምንም አልጎደለንም» የሚል። የመጀመሪያው ያሰለች ይሆናል እንጂ አያስቸግርም፤ የሚሻውን ይናገራል፣ ወይ ይሰጡታል ወይ ይከለክሉታል። ሁለተኛው ግን መሥሪያ ቤቶችን ያንበረክካል። ሊሰጡት የመጡትን ሁሉ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ያስቀራቸዋል፤ ሲወጡም ተሸክመው የሚሄዱት ነገር ይሰጣቸዋል።

ታቢታ ኮምብስ ይህን ዓይነት ሰው በብዛት አይታለች። ሥራዋ በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች መካከል ቤት ለቤት እየዞረች፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው መናገር ወይም መራመድ የዘገየባቸውን ሕፃናት ቤተሰቦች አነጋግራ የአገልግሎት ዕቅድ ማዘጋጀት ነው። ከእነዚያ ሁሉ መካከል ግን ዘውድ የሚገባቸው አንድ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የላይኛው ሸለቆ ጌታ፣ የሁለት ፍየሎችና የአንድ አሮጌ ፒክአፕ ባለቤት፣ የሕፃን ኦፓል አያትና አሳዳጊ፣ ክቡር አቶ ቨርጂል ስታምፐር ናቸው። የኦፓል እናት ኦሃዮ ውስጥ በመጋዘን ሠራተኝነት ተቀጥራ ስለ ነበር፣ ልጅቷን የሚያሳድጉት እሳቸው ነበሩ።

የአቶ ቨርጂል ታሪክ በአገሩ የታወቀ ነው። ጎርፍ የወንዙን መሸጋገሪያ ጠርጎ በወሰደው ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ሳንቃ ጭነው ቢመጡ፣ «አርጅቶ ነበር፤ ከማፍረሱ ጎርፉ ገላገለኝ» ብለው እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ማሰሮ በኮምጣጤ የተቀመጠ ባቄላ አስይዘው ሸኟቸው። ወገባቸውን ታመው በተኙበት ክረምት ጎረቤታቸው የተፈለጠ እንጨት በራፋቸው ላይ ቢያራግፍ፣ በማግስቱ ያው እንጨት በራሱ በጎረቤቱ ደጃፍ ከበፊቱ አምሮ ተደርድሮ ተገኘ። በታመመ ወገብ እንዴት እንደ ተመለሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ታቢታም ብትሆን ባዶ እጇን ከዚያ ቤት ወጥታ አታውቅም። መሥሪያ ቤቷ ስጦታ መቀበልን እንደሚከለክል ባስረዳቻቸው ቁጥር አቶ ቨርጂል አንድ ማሰሮ ቀይ ሥር መኪናዋ ውስጥ እያስቀመጡ፣ «ማን ስጦታ አለሽ? ቤቴን አጣቦብኝ ነው» ይሏታል።

ይህ ሁሉ ያስቅ ነበር፤ የኦፓል ጆሮ ጉዳይ ባይኖር።

ኦፓል ሁለት ዓመት ተኩል አልፏት አንድ ቃል እንኳ አልተናገረችም ነበር። የሕፃናት ሐኪሙ በሁለቱም ጆሮዎቿ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ መጠራቀሙን አይቶ፣ ሌክሲንግተን ከተማ ወዳለው የጆሮ ሐኪም መርቷት ነበር። የንግግር ባለሙያዋ በየሳምንቱ እየመጣች ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ «ፍየል… ፍየል» ትላለች፤ ልጅቷ የሴትየዋን ከንፈር በተዘጋ መስኮት በኩል መንገደኛ እንደሚያይ ሰው ትመለከታለች። የጆሮ ሐኪሙ ቀጠሮ መጣና አለፈ፤ አልሄዱም። ክሊኒኩ ሁለተኛ ቀን ቆርጦ፣ ይህም ካለፈ ተራ የሚገኘው ኦፓል ሦስት ዓመት ከሞላት በኋላ መሆኑን አስታወቀ። ያኔ ዕቅዱም ይዘጋል፤ ከዕቅዱ በላይ ደግሞ፣ ልጅ ቋንቋን ማንም ሳያስተምረው የሚማርበት ወርቃማ ጊዜ ያልፋል። ታቢታ ለምን እንደ ቀሩ ስትጠይቅ አቶ ቨርጂል «ሥራ ገጥሞኝ ነው» አሏት። የጎደለ ነገር ካለ ብላ ስትቀጥል መልሱ ያው የተለመደው ነበር።

በዕቅዱ ውስጥ «ሌሎች አገልግሎቶች» የሚል ገጽ አለ። ሐኪም ዘንድ መሄድን፣ መጓጓዣን፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የማይከፍልበትን ማንኛውንም የሕፃኑንና የቤተሰቡን ፍላጎት መዝግቦ፣ ማን ፈልጎ እንደሚያገኘው ለመጻፍ የተዘጋጀ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ግን ይህን ገጽ ባዶ መተው ነበር። ኃላፊዋ ወይዘሮ ጄራልዲን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፤ «የጻፍነውን ክፈሉ ይሉናል፤ ያልጻፍነውን ማንም አይጠይቀንም»። እናም መሥሪያ ቤቱ ከፍርሃት የተነሣ አይጽፍም፣ እንደ አቶ ቨርጂል ያሉትም አይናገሩም፤ ገጹ በሁለቱ መካከል እንደ ማለዳ በረዶ ንጹሕ ሆኖ ይኖራል። ታቢታ ደንቡን ይዛ ወይዘሮ ጄራልዲን ፊት ቀረበች። ገጹ የተፈጠረው በትክክል ለማንከፍለው ነገር መሆኑን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ሲያበቁ፣ «ጻፊ እንግዲህ» አሏት፤ «መጀመሪያ ግን ሽማግሌውን አናግሪያቸው። እኔ እንኳ ሃያ ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ አልቻልኩም»።

ታቢታ ወደ ሸለቆው ስትወጣ አንድ ነገር ወስና ነበር፤ ስለ ጎደለ ነገር ዳግመኛ ላለመጠየቅ። የሰው ፊት እሳት ነው የሚልን ሰው፣ ጉድለቱን ጠይቀው ሳይሆን ውሎውን ጠይቀው ነው የሚቀርቡት። በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ ኦፓል ከታች ፍየሎቹን ሣር ታበላለች።

«አቶ ቨርጂል፣ ያን የቀጠሮ ቀን ጠዋት ኦፓልን ምን አለበሷት?»

ሽማግሌው ያልጠበቁት ጥያቄ ነበርና ፊታቸው በራ። ቢጫ ቀሚስ እንዳለበሷት፣ ጫማዋን እያወለቀች እንዳስቸገረቻቸው፣ የበቆሎ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው እንደ ያዙ፣ ልጅቷ ከኋላ ተቀምጣ እየሳቀች ሸለቆውን ወርደው እስከ አውራ ጎዳናው መግቢያ እንደ ደረሱ አጫወቷት። እዚያ ሲደርሱ ወሬው ቆመ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተመለስን።»

ታቢታ ማስታወሻ ደብተሯን ዘግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በሥራዋ ከተማረችው ሁሉ የከበዳት ይህ አለመቸኮል ነበር።

«መኪናው ይመጣል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን አላይም» አሉ አቶ ቨርጂል፣ ፍየሎቹን እያዩ። «ምልክቱን ላነበው ስል አልፎኛል። ይሄን ሸለቆ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ። እዚያ ግን… ልጅቷ ከኋላዬ ናት እኮ።»

«ገባኝ።»

«ገባኝ ብለሽ እንዳትጽፊው። የኮምብስ ልጅ ነሽ፣ አገሩን ታውቂዋለሽ። ዛሬ ‹አያትየው አያይም› ትያለሽ፤ ነገ አንዱ ክራባት ያሰረ ያነበውና መጥቶ ይወስዳታል።»

ታቢታ አገሩን ታውቀው ነበር፤ ይህን ግን አላወቀችም። እሷና ወይዘሮ ጄራልዲን፣ ሸለቆው ሁሉ ጭምር፣ የሽማግሌውን «ምንም አልጎደለንም» ኩራት አድርገው ሲስቁበት ኖረዋል። ለካ አጥር ነበር። ልጅቷን መሃል አስቀምጠው፣ ቃል በቃል ላይ እየደረደሩ ያጠሩት።

ዕቅዱ የቤተሰቡ መሆኑን፣ እሳቸው ያልፈቀዱት አንድ ቃል እንደማይገባበት፣ ለጆሮ የሚያስፈልገው መጓጓዣ እንጂ የማንም ዓይን ምርመራ ውጤት አለመሆኑን አስረዳቻቸው። ማንም መቼም አይመጣም ብላ ግን አልማለችላቸውም፤ በማታዝዝበት ነገር መማል አልወደደችም። ምናልባት ያመኗት በዚህ ይሆናል። «በይ ጻፊና አንብቢልኝ» አሏት።

«ቤተሰቡ መጓጓዣ ይፈልጋል» ብላ ጽፋ አነበበች።

«‹ይፈልጋል› ብሎ ነገር ምንድነው? ለማኝ አደረግሽን እኮ።»

ሰረዘችው። «ኦፓል ሌክሲንግተን የጆሮ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች። በአውራ ጎዳናው የሚነዳው የሕክምና መጓጓዣው ሹፌር ነው። ሹፌሩን እስከ ዓርብ ድረስ ታቢታ ታገኛለች።»

«እና እኔ የታለሁ?»

«‹አያቷ አብረዋት ይሄዳሉ› ልበል?»

አቶ ቨርጂል አገጫቸውን እያሹ አሰቡ። «‹መንገድ ያሳያሉ› በይበት። የቤተ ክርስቲያኑን መታጠፊያ ያ ሹፌር ብቻውን ምን ብሎ ያገኛታል?»

እንዲህም ሆኖ፣ የመንገድ ምልክት ማንበብ የተሳናቸው ሰው መንገድ መሪ ሆነው በመንግሥት ሰነድ ላይ ተመዘገቡ። ታቢታ ፈገግ እንኳ ሳትል ጻፈችው። ወይዘሮ ጄራልዲን ሲያነቡት «ከፋዩስ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ከፋዩ የኦፓል የሕክምና መድን ነበር፤ ካርዱ ይህን ጉዞ ድሮም ይሸፍናል። ያልጻፈ አልጠየቀም፣ ያልጠየቀም አላገኘም እንጂ።

ሹፌሩ ዶኒ የጉዞውን ወሬ በኋላ ለታቢታ ነገራት። ሽማግሌው አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ከፊት ተቀምጠው እስከ ሌክሲንግተን ድረስ መርተውታል፤ መታጠፊያ ቢሳሳቱም በእንዲህ ያለ ግርማ ስለሚያዝዙ፣ ትክክሉን እያየ ሊከተላቸው ምንም አልቀረው። የጆሮ ሐኪሙም የቀይ ሥር ማሰሮ ተሰጥቶታል፤ መሥሪያ ቤቱ ይከልክለው አይከልክለው ለመናገር ፋታ አላገኘም። የቀዶ ጥገናውም ቀን ዶኒ ወሰዳቸው፤ በሁለቱ ጆሮዎቿ ፈሳሹን የሚያስወጡ ትንንሽ ቱቦዎች ተደረጉላት።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ከሰዓት፣ ታቢታ ቢሮ ውስጥ ሳለች ስልክ ተደወለ።

«የኮምብስ ልጅ?» የሚል ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ በጣም ዝቅ ያለ ነበርና ደነገጠች።

«አቶ ቨርጂል? ምነው፣ ምን ሆነው ነው? ድምፅዎ እኮ አይሰማም።»

«ኧረ አትጩኺ። ተኝታለች።»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ሽማግሌው በሹክሹክታ ያወራሉ። ጠዋት ኦፓል ጀርባዋን ሰጥታቸው ስትጫወት ማንኪያ ከእጃቸው ቢወድቅ ዞር ብላ አይታዋለች። አሁን በሩን ሲከፍቱ ትነቃለች፣ ሲያስሉ ትነቃለች፤ ቤቱ ውስጥ በካልሲ ብቻ ይሄዳሉ፤ ፍየሎቹንም ከመስኮቱ ሥር አርቀው አስረዋል።

«ምን አደረጋችኋት? እግዜር ያሳያችሁ፣ በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንኩ» አሏት። ቀጥለውም፣ «የአንድ የዓይን ሐኪም ስልክ ታውቂያለሽ አሉ። አሁን አይደለም፤ ስትነቃ ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ፣ አቶ ቨርጂል» አለች ታቢታ። ሁለት ተራራ ማዶ የተኛችውን ልጅ እንዳትቀሰቅስ፣ እሷም በሹክሹክታ ነበር የመለሰችው።